ጽዋውን ልመልስ መቐለ የሄድኩ ጊዜ

ፎቶ ኮፒ ቤቴ በር ላይ ቆማችሁ «እስቲ መቐለ እንዴት ነው?» ለምትሉኝ ሁሉ፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። ሐውልቱን አላየሁም። ቤተ መንግሥቱንም አላየሁም። ያየሁት አንድ ረጅም ኮሪደር፣ አንድ የድንጋይ ግቢና አንድ ወንበር ነው። ይኼ ካልበቃችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ስንዱ እባላለሁ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አንገቴ ላይ ያበጠው ነገር መጀመሪያ ንፍፊት ነው ተባለና ቅጠል ተለጠፈበት። ቀጥሎ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ስድስት ወር ኪኒን ዋጥኩ። በመጨረሻ መቐለ ላይ ስሙ ካንሰር ሆነ። ስምንት ዙር መድኃኒት ታዘዘልኝ። አራቱን ወሰድኩ፤ ፀጉሬ ሄደ፣ ጥፍሬ ጠቆረ፣ እብጠቱ ግን ቅንጣት አልቀነሰም። እኔም በአምስተኛው ላይ በቃኝ ብዬ ቆርጬ ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም።

ልትተዪው ከሆነ ለምን ሄድሽ ትሉኛላችሁ። በጽዋ ምክንያት ነው።

መቐለ ላይ በአንድ ቀን መድኃኒት የምንወስድ ወጣቶች ማሕበር አለን። የማርያም አይደለም፣ የሚካኤልም አይደለም፤ ሙስሊም ስላለብን የማንም ስም አልወጣለትም። መድኃኒቱ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስለሚሰጠን «የወንበሩ ማሕበር» እንለዋለን። ጤነኛ ሰው ማሕበሩን በየወሩ ይጠጣል፤ እኛ በየሃያ አንድ ቀኑ፣ ሁልጊዜ ረቡዕ፣ ከወንበሩ ዋዜማ ነው። ሐሙስ ከወንበር ከተነሣን በኋላ አፋችን ስለሚቆስል ሳምንት ሙሉ ምግብ የሚባል ነገር የለም። የቀረው ሥርዓት እንደማንኛውም ማሕበር ነው። ተረኛው ይደግሳል፣ ሲያበቃ ጽዋውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ጽዋ የተቀበለ ሰው «በሚቀጥለው እኔ ቤት» አለ ማለት ነው። ባለፈው ማሕበርተኛዬ ሰይድ ሲያቀብለኝ፣ «እኔ እኮ ልተወው ነው» ማለት ሲገባኝ ይሉኝታ ይዞኝ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ወልድያ ድረስ ተሸክሜው መጣሁ፤ ቁም ሣጥኔ ላይ ሆኖ አሥራ ሰባት ቀን አፈጠጠብኝ። ስለዚህ ልመልሰው ተነሣሁ። አስረክቤ፣ ደኅና ሁኑ ብዬ ልመጣ።

ሰኞ

በማለዳ ከመናኸሪያ ተነሣን። ጽዋው ክዳን ያለው የሸክላ ነው፤ በነጠላ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ፣ በልብሴ መሐል አድርጌዋለሁ። እስከ ቆቦ ሜዳ ነው፣ ማሽላው ከመንገዱ ዳር እስከ ተራራው ይታያል፤ እዚያ ድረስ አገሬ ነኝ። አላማጣ ላይ መኪና ስንቀይር ረዳቱ ሻንጣዬን ከጣራው ላይ ወረወረው። «ቀስ!» ብዬ ጮህኩ። «ልብስ አይደል እንዴ?» አለኝ። ልብ ቢል ምን አለበት፣ የሱ አይደል።

ከአላማጣ በላይ ያለውን ጠመዝማዛ ለማያውቅ ሰው አልመኝለትም። ጤነኛውን ያስመልሰዋል፣ እኔማ ምኔ ይወራል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አቦይ፣ ዕድሜያቸው የአያቴ ይሆናል፣ ሳይጠይቁኝ ተነሥተው የመስኮቱን ወንበር ለቀቁልኝ። ከኪሳቸው ሎሚ አውጥተው በጥርሳቸው ነክሰው ሰጡኝ። «አሽትቺው ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሻሼ ተንሸራትቶ መላጣዬ ሲታይ ደግሞ ፊታቸውን ወዲያ አዞሩልኝ። የኛ ሰፈር ሰው ቢሆን «ምን ሆነሽ ነው? ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ እስከ ማይጨው ይመረምረኝ ነበር።

ማይጨው ለምሳ ስንወርድ ሻንጣዬን ከፈትኩ። ጽዋው ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ክዳኑ ብቻ ደኅና ነው።

ምሳዬን ትቼ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለሸክላ አይደለም። ደኅና ሁኑ የምልበት ነገር እጄ ላይ ተሰበረ። የሰው አደራ ሰብሮ «በሉ እኔ ቀርቻለሁ» የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? መጀመሪያ መተካት አለበት። እኚያ አቦይ መጥተው የተሰበረውን አዩና «ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ ሸክላ ነው» አሉኝ። ዳቦ ቆርሰው ይዘውልኝ ነበር። ምን ላስረዳቸው?

አላጀን ስናልፍ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። ከዚያ ወርዶ ወርዶ ኲሓ፣ ከኲሓ መቐለ። ሰይድ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰይድ የሐይቅ ልጅ ነው፣ የወሎ ሰው፣ ሃያ አራት ዓመቱ። በአሥራ ሰባት ዓመቱ መጥቶ እዚህ ከተማ ላይ ድንጋይ ሲሸከም ኖረ፤ ሥራ ነው ብሎ የታገሠው የጉልበት ሕመም የአጥንት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ቀኝ እግሩ አይታጠፍም።

«ወዳጄ! ወላሂ ከስተሻል» አለኝ።

«አንተ ወፍረህ ነው?»

«እኔማ ሙሽራ መስያለሁ» አለና ሻንጣዬን ቀማኝ። በአንድ እግሩ እየጎተተ ተሸከመው። ባጃጁ የሮማናትን አደባባይ ሲዞር ካፌው በረንዳ ላይ የኛ እኩዮች ማኪያቶ ይዘው ይሳሳቃሉ። ጠላኋቸው። እውነቴን ነው፣ አንድ በአንድ ጠላኋቸው።

ማረፊያችን የለተብርሃን ቤት ነው። ማሕበሩን የመሠረተችው ለተ ናት፤ ሃያ ዓመቷ ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። እናቷ አደይ ለምለም በሩ ላይ ተቀበሉኝ፤ «እንቋዕ ደሓን መጻእኪ» እያሉ፣ እንኳን ደኅና መጣሽ እያሉ፣ ግራና ቀኝ ስመው አልጠግብ አሉ። የመቐለ ቤት ድንጋይ ነው፤ የኛ የጭቃ ቤት ዝናብ ዝናብ ይሸታል፣ ያኛው ፀሐይ ፀሐይ። ውኃ በተራ ነው የሚመጣው፤ በዚያ ሳምንት ጭራሽ አልመጣም ነበርና በርሜሉ ሊያልቅ ነው። አደይ ለምለም ከዚያች ከቀረችው ቀድተው፣ አሙቀው፣ አቧራ የጠጣ ጭንቅላቴን አጠቡኝ። ፀጉር እንዳለው ሰው፣ ቀስ ብለው፣ በጣታቸው። እኔ ወልድያ ቧንቧ ከፍቼ የምረሳ ሰው ነኝ።

ለተ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ሆዷ ተነፍቷል። ባለፈው ስንለያይ እንደዚህ አልነበረችም።

«ጽዋዬ ደኅና ነው?» አለችኝ ከሰላምታ በፊት።

«ደኅና ነው» አልኩ። ውሸታም።

ማክሰኞ

የደም ምርመራ ቀን ነው። ሦስታችንም ሄድን፣ አደይ ለምለምም። ለተ ከፓርኩ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ሻሽ ሰፍታልን ነበር፣ ለሰይድ ቆብ፤ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት። ኮሪደሩ ላይ ስንቀመጥ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች እንመስላለን። በዝርዝሩ ላይ ስምንት ስም አለ፤ እኔ ስምንተኛዋ ሆኜ ስገባ ሦስቱ አልፈው ነበር። ከገባሁ በኋላ ሁለት ሄዱ። የመጨረሻው ክብሮም ነው፤ ሲስቅ ኮሪደሩን የሚያናጋ ልጅ። አሁን ሦስት ነን።

የኔ ደም በቂ ነው ተባለ። የሰይድም በቂ ነው። ለተ ሐኪሙ ጋ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ «ዕረፍት ሰጡኝ» አለች፣ ሳቅ ብላ። አደይ ለምለም «ተመስገን፣ ልጄ ደክማ ነበር» ብለው ፊታቸው በራ። እኔም ለቅጽበት አመንኩ።

ሰይድ ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ። «ከወንበሩ አንሥተዋታል» አለኝ።

«ዕረፍት ነው እኮ ያለችው።»

«ስንዱ፣ ክብሮምንም ዕረፍት ነው ያሉት።»

«ታውቃለች?»

«ከኔና ካንቺ በፊት። እናቷ ናቸው የማያውቁት። እሷም እንዳያውቁ ነው የምትስቀው።»

መስኮቱን ይዤ ቆምኩ። ታዲያ ይኼ ሁሉ መርፌ ለምንድን ነው? ሁለት ዓመት የታገለችው ለተ ከተነሣች እኔ ማን ነኝና ነው የምተርፈው?

ከሰዓት በኋላ የሳሙና ግዢ አስመስዬ ገበያ ወጣሁ። ጽዋ ፍለጋ። ሸክላ ሻጯ አማርኛ ትንሽ ታውቃለች፤ የደረደረችውን ሁሉ እያነሣሁ የደኅናውን ክዳን ስለካ «ክዳኑ ካለሽ ምን ቸገረሽ?» ብላ ሳቀች። በአምስተኛው ገጠመ። ቀለሙ ትንሽ ይቀላል። የቤቱን ጀርባ ዞሬ ጥቀርሻ ፈለግሁና ቀባሁት። ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ፣ በካንሰር ልሞት ደርሼ፣ የሸክላ አጭበርባሪ ሆንኩ።

ረቡዕ

እኔ ዕቅዴ ምን ነበር? ጽዋውን በጠዋት ለለተ ሰጥቼ፣ ድግሱ ይቅር፣ እኔ ከዚህ በኋላ አልመጣም ማለት። ስነቃ አደይ ለምለም ማጀት ናቸው። ሽሮው ተንተክትኳል፣ የባቄላ ዱቄቱ ሕልበት ነጭ ሆኖ ተመቷል፣ ሕምባሻው ተቆርጧል። አጥሚቱም አፉ ለማይችል ሰው ለብቻው ቀጥኖ ተሠርቷል። ረቡዕ ጾም ስለሆነ የማን ሥጋ ይታረድ የሚል ጣጣ የለብንም፣ ሰይድም እኛም ከአንድ ትሪ እንበላለን።

«አደይ፣ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ያንቺ ድግስ ነዋ! ከወልድያ ድስት ተሸክመሽ ትምጪ? ልጄ ናት ያዘዘችኝ፣ የስንዱ ድግስ እንዳይጎድል አለችኝ።» እጃቸውን ጠርገው ጉንጬን ያዙኝ። «አንቺ የቤቱ ባለቤት ነሽ ዛሬ፤ እኔ እንግዳ ነኝ። በይ፣ ተቀመጡ በይኝ!»

በሰው ቤት፣ በሰው ሽሮ፣ ደጋሽ ሆንኩ። ይኼን ለሚል ሰው እንዴት «ልቀር ነው» ይባላል?

ከሰዓት ተቀመጥን። ሦስት ማሕበርተኛና አንዲት እናት። ለተ አባታችን ሆይን አለች፣ ሰይድ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፣ ሁላችንም አሜን አልን። ጽዋው ውስጥ ብርዝ ነው ያለው፤ ጠላ ለአንዳችንም አይሆንም። ሰይድ አንድ ጊዜ ጎርሶ «አፌ እንቢ አለኝ» ብሎ አጥሚቱን ወሰደ። ለተ ምንም አልበላችም፤ ግን ለእናቷ ስትል እያነሣች ታስቀምጣለች። እኔ ብቻ በላሁ። አደይ ለምለም እያዩኝ እንዴት ልተው?

ጽዋው ዞሮ ለተ ጋ ሲደርስ በአውራ ጣቷ ከንፈሩን ዳሰሰችው። ጣቷ በጥቀርሻ ጠቆረ።

«የኔ ጽዋ እዚህ ጋ ሸራፋ ነበር» አለች።

ፊቴ ነደደ። «አላማጣ ላይ... ረዳቱ...»

ሰይድ መሬቱን እየመታ ሳቀ። ለተም ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እያመማት። «ያ ሸራፋው ራሱ ክብሮም ሰብሮ የተካው ነው» አለችኝ። «እሱ በዘይት ነበር የቀባው፣ አንቺ ይሻልሻል። የመጀመሪያው የኔ ነበር፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት። ይኼ አራተኛው ነው። ክዳኑ ብቻ ነው ያው የቆየው።»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ከዚያ ሳቁ አለቀና የማስረከቢያው ሰዓት መጣ። በዝርዝሩ ላይ ከኔ ቀጥሎ ዞሮ አንደኛ ቁጥር ነው። አንደኛ ቁጥር ለተ ናት።

ተነሣሁና ጽዋውን ይዤ ቆምኩ፤ እጄ አልዘረጋ አለኝ። «ለተ» አልኩ፣ «ከፈለግሽ... የአሁኑን ተራሽን እኔው ልያዝልሽ።»

«ለምን?»

«ሃያ አንድ ቀን እኮ ሩቅ ነው።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሰይድ ዓይኑን ጨፈነ። አደይ ለምለም አንዴ እኔን አንዴ ልጃቸውን አዩ። ምላሴ በተቆረጠ።

ለተ አልደነገጠችም። «ላንቺም ለኔም ያው ሃያ አንድ ቀን ነው» አለች። «ተራዬን አትውሰጂብኝ፣ ስንዱ። ብዙ ነገር ወስደውብኛል።»

ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ሸክላውን ሳመችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ቀጥላ፣ እናቷ ትሪውን ይዘው ሲወጡ ጠብቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልትመልሺው እንደመጣሽ ገብቶኛል» አለችኝ። «ከመኪና ስትወርጂ ፊትሽ ያስታውቃል ብሎኛል ሰይድ። ግን አሁን ደጋሽ እኔ ነኝ። ሰው ደግሶ እንግዳው ሲቀርበት ነውር አይደለም?»

«ነውር ነው» አልኩ።

«እንግዲያው።»

ከብብቷ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። የማሕበሩ ዝርዝር ነው፤ ስምንት ስም፣ በእስክሪብቶ፣ አምስቱ የተሰረዙ። ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራ ስለሆንኩ በኮምፒውተር ጽፌ ንጹሕ አድርጌ እንድሰጣት ነው። «የተሰረዙትንስ?» አልኳት። «ሳትሰርዢ ጻፊያቸው» አለች።

ሐሙስ

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አልፈለግሁም፤ ተቀመጥኩ። ቀዩ መድኃኒት ክንዴ ውስጥ ሲገባ ቅዝቃዜውን እስከ ብብቴ አውቀዋለሁ። ሰይድ ከጎኔ ነው፣ ቆቡን ዓይኑ ላይ ደፍቶ።

ለተ መጣች። «ወንበር የለኝም እንጂ እግር አለኝ» ብላ በአደይ ለምለም ክንድ ተደግፋ ገብታ የአስታማሚ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። የሷ ወንበር ላይ አዲስ ልጅ ተቀምጣለች፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሹሩባዋ ወገቧ ይደርሳል። ቀኝ እጇን ለሲስተሯ ስትዘረጋ ለተ ተነሥታ ሄደች። «ግራሽን ስጪ ሓፍተይ» አለቻት፣ እህቴ ማለቷ ነው፤ «ቀኙ ለመብላት ያስፈልግሻል። መርፌው ሲገባ ሳል ሳል በዪ፤ ከዚያ በኋላ አይሰማሽም።» ልጅቷ የለተን ቢጫ ዓይን እያየች ግራዋን ሰጠች። ለተ የማሕበሩን ነገር ልትነግራት ስትጀምር የልጅቷ እናት መጥተው በመሐል ቆሙ። «ልጄ እንደናንተ አይደለችም» አሉ። «የሷ ቀላል ነው።»

ለተ «እግዚአብሔር ይማራት» ብላ ወደ አግዳሚዋ ተመለሰች። እኔ ተቆጣሁ፤ መርፌው ክንዴ ላይ ባይኖር እነሣ ነበር። ለተ ግን «የኔም እናት እንደዚሁ ነበር ያለችው» አለች፣ ቀስ ብላ። አደይ ለምለም አልሰሙም፣ ወይም ያልሰሙ መሰሉ።

ዓርብ

በማለዳ ተሳፈርኩ። አደይ ለምለም ሎሚ፣ ሕምባሻና ሁለት ፌስታል ሰጡኝ፣ የመንገዱን ጠመዝማዛ ያውቁታል። ለተ ከአልጋ አልተነሣችም። ጎንበስ ብዬ ሳምኳት፤ ትኩስ ነበረች። «እንዳትቀሪ፣ ሽሮዬን ለሰይድ ብቻ አላበላም» አለችኝ። ያ ነው የመጨረሻው ቃሏ ለኔ። ከአላጀ እስከ አላማጣ አስመለሰኝ፤ ሻንጣዬ ደግሞ ቀለለኝ፤ የሚሰበር ነገር አልነበረበትም።

ቤት ስገባ እናቴ «እንዴት ነው፣ ተሻለሽ?» አለች። «ደኅና ነው» አልኳት። ከለተ ነው የተማርኩት።

ከተመለስኩ በአሥራ አንደኛው ቀን ሰይድ ደወለ። «ለተን ቀበርናት» አለ። እሱ ማልቀሱን ጨርሶ ነበር የደወለው። እኔ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፤ ማሽኑን አጥፍቼ በሩን ከውስጥ ዘጋሁ።

ትናንት በድጋሚ ደወለ። አደይ ለምለም ረቡዕ ይደግሳሉ። «ተረኛዋ ልጄ ናት፣ ጽዋው ያለው እሷ ጋ ነው» ብለዋል አለኝ። ዝርዝሩን ከፍቼ አየሁ። በኮምፒውተር ጽፌዋለሁ፣ ስምንት መስመር፣ ሳልሰርዝ፣ እንዳለችኝ። አንደኛ ለተብርሃን። ከሁለት እስከ ስድስት፣ የሉም። ሰባተኛ ሰይድ። ስምንተኛ እኔ። ስምንታችንም ብንኖር ተራ ለአንድ ሰው በዓመት ሁለቴ ነበር የሚደርሰው። አሁን አንድ ጊዜ እሱ፣ አንድ ጊዜ እኔ።

«ሰይድ፣ እብጠቱ አልቀነሰም» አልኩት። «አምስተኛውም ምንም አላደረገም። ልዋሽህ አልፈልግም።»

«የኔም ጉልበት አብጧል» አለ። ቀጥሎም፣ «ረቡዕ ጽዋውን ከአደይ እጅ የምቀበለው እኔ ነኝ። ሌላ አልጠይቅሽም፣ ወላሂ። ግን ካልመጣሽ የማቀብለው ሰው የለኝም።»

ተስፋ አግኝቼ አይደለም፤ ማንም እንዳይመስለው። ሰይድ ያንን ሸክላ ይዞ ብቻውን ሲቆም ታየኝ። ሰኞ በማለዳ መናኸሪያ ነኝ።